ልምምድ ሁሉ አንድ አይደለም፦ «ሪኸርስ» ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ግስ

ባለፈው ክረምት ታናሽ እህቴ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ቀርባ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ የደረሳት ኢሜይል በጨዋ እንግሊዝኛ የተጻፈ አጭር መልስ ሲሆን፣ ቦታው ለሌላ ሰው መሰጠቱን ከገለጸ በኋላ መልሶቿ በመጠኑ «ሪኸርስድ» መስለው መሰማታቸውን በአንድ ዓረፍተ ነገር አክሎ ይዘጋል። እህቴ ስልኳን ይዛ መጣችና «ጋሼ፣ ተዘጋጅቼ መሄዴን አይተውልኛል ማለት ነው፤ ታዲያ ለምን ከለከሉኝ?» አለችኝ። መዝገበ ቃላት ከፍታ «ሪኸርስ» የሚለውን ግስ ፈልጋለች፤ ያገኘችውም ፍች «ተለማመደ» የሚል ነው። በእኛ ቋንቋ ደግሞ ተለማምዶ የቀረበ ሰው ይመሰገናል እንጂ አይነቀፍም። የተጻፈላት ነገር ነቀፋ መሆኑን ስነግራት ግራ ተጋባች፤ ግራ መጋባቷም ተገቢ ነበር። እኔ ራሴ በትርጉም ሥራ በቆየሁባቸው ዓመታት በዚሁ ቃል ከአንድ ጊዜ በላይ ተሰናክያለሁና፣ ያን ቀን በአጭሩ ያስረዳኋትን እዚህ በሰፊው ልጽፈው ወደድሁ።

ነገሩን ከራሳችን ግስ መጀመር ይሻላል። «ተለማመደ» ሰፊ ቃል ነው። ተማሪ የእጅ ጽሑፍ ይለማመዳል፤ እግር ኳስ ተጫዋች ይለማመዳል፤ ድምፃዊ ከባንዱ ጋር ይለማመዳል፤ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት የሚሻ ሰው መንዳት ይለማመዳል። ሥሩ «ለመደ» ሲሆን፣ «ልማድ»፣ «ልምድ»፣ «ልምምድ»፣ «መልመጃ» እና «ተለማማጅ» ሁሉ ከእርሱ የወጡ ናቸው። ከአያት ከቅድመ አያት የወረስነውን ልማድ፣ በሥራ ዘመን ያካበትነውን ልምድ፣ ገና ለማወቅ የምንደክምበትን ደግሞ ልምምድ እያልን ማንም ሳያስተምረን እንለያቸዋለን። የቤተሰቡ አሳብ ግን አንድ ነው፤ ባዳ የነበረው ቤተኛ መሆኑ። ወይፈን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀንበር ሲጫንበት ይፈራገጣል፣ መስመር ይስታል፣ ይተኛል፤ ከቀናት በኋላ ግን ከነባሩ በሬ ጋር እኩል ይራመዳል። «ለመደ» የምንለው ይህን ነው። እንግዲህ አማርኛ «ተለማመደ» ሲል ዓይኑን የሚጥለው በሰውየው ላይ ነው፤ ሰውየው ተለወጠ፣ ከነገሩ ጋር ተላመደ ማለት ነው።

«ሪኸርስ» ግን የተነሣው ከሌላ ሥዕል ነው። ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከጥንታዊ ፈረንሳይኛ ሲሆን፣ «ሪ» ዳግመኛ ማለት ነው፤ ተከታዩ ክፍል ደግሞ «ኸርስ» ከሚባለው የእርሻ መሣሪያ የመጣ ነው። ይህ መሣሪያ ከሥሩ ብዙ ጥርስ ያለው የእንጨት ወይም የብረት ርብራብ ሲሆን፣ የአውሮፓ ገበሬ ማሳውን ካረሰ በኋላ በከብት እያስጎተተ ጓሉን ይከሰክስበት፣ አፈሩንም ያለሰልስበት ነበር። ስለዚህ የቃሉ የመጀመሪያ ትርጉም «የታረሰውን ዳግመኛ ማገላበጥ» ነው። ይህ ለእኛ ሩቅ ሥዕል አይደለም። ለጤፍ የታሰበ ማሳ በገመሳ ብቻ አይዘራበትም፤ ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ እየተደጋገመ ይታረሳል፣ ትልሙም በቀድሞው ላይ አግድም ይወጣል፤ ጤፍ እንዲያ ደቃቅ ሆና ሳለ ጓል በሞላበት አፈር ላይ ብትዘራ አትበቅልምና ነው። ሠዓሊ ብሆን ኖሮ «ሪኸርስ» የሚለውን ቃል በሥዕል አስቀምጥ ዘንድ ብጠየቅ፣ መድረክ ላይ የቆመ ተዋናይ ሳይሆን ያንኑ ማሳ ለአራተኛ ጊዜ የሚያርስ ገበሬ እሥል ነበር።

ከዚሁ መሣሪያ ሌላም ቃል ወጥቷል። አስከሬን የሚጓዝበት መኪና በእንግሊዝኛ «ኸርስ» ይባላል። በመካከለኛው ዘመን አብያተ ክርስቲያናት በሬሳ ሣጥን ዙሪያ ወይም በላዩ ሻማ የሚተከልበት ባለ ሹል ርብራብ ይቆም ነበር፤ ጥርሶቹ የገበሬውን መሣሪያ ስለሚመስሉ በስሙ ተጠራ፣ በኋላም ስሙ ወደ ሠረገላው ከዚያም ወደ መኪናው ተላለፈ። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችም ቢሆኑ የልምምድ ቃላቸውና የቀብር መኪናቸው ወንድማማቾች መሆናቸውን አብዛኞቹ ልብ አይሉትም።

በ1300 እ.ኤ.አ. አካባቢ ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ ስለ ልምምድ ምንም አይናገርም ነበር። ትርጉሙ መተረክ፣ መዘርዘር፣ የተባለውን መልሶ ማለት ነበር። ለቴአትር ልምምድ መዋል የጀመረው በ1570ዎቹ ሲሆን፣ ጄምስ በርቤጅ በለንደን ቋሚ የቴአትር ቤት ያሠራው በ1576 መሆኑን ስናስብ ጊዜው የሚገርም አይደለም። አሮጌው ትርጉም ግን አልሞተም። እ.ኤ.አ. በ1611 በታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ዘጸአት ምዕራፍ 17 ቁጥር 14 ላይ፣ እግዚአብሔር ሙሴን ስለ አማሌቅ የሆነውን በመጽሐፍ እንዲጽፍና በኢያሱ ጆሮ «ሪኸርስ» እንዲያደርገው ያዝዘዋል። ሙሴ ኢያሱ ፊት ቆሞ ምንም አይለማመድም፤ ይነግረዋል፣ ያሰማዋል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 14 ቁጥር 27 ጳውሎስና በርናባስ አንጾኪያ ደርሰው ቤተ ክርስቲያንን ሰብስበው እግዚአብሔር ያደረገላቸውን ሁሉ ሲናገሩም ግሱ ይኸው ነው።

ይህን እዚህ ማንሣቴ የታሪክ ፍቅር ብቻ ይዞኝ አይደለም። አሮጌው ትርጉም ዛሬም በጋዜጣ፣ በፍርድ ቤት ውሳኔና በጥናታዊ ጽሑፍ ውስጥ በየቀኑ ይሠራበታል። አንድ ጸሐፊ የታወቁትን መከራከሪያዎች እዚህ ላይ «ሪኸርስ» ማድረግ አያስፈልግም ሲል፣ «ሁላችንም የምናውቀውን ደግሜ አልዘረዝርም» ማለቱ ነው። በትርጉም ሥራ በጀመርሁባቸው ዓመታት እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ገጥሞኝ «ተናጋሪው መከራከሪያዎቹን ተለማመዱ» ብዬ ጽፌያለሁ። ጽሑፉን ያረሙልኝ አንድ ታላቅ ባልደረባዬ ዓረፍተ ነገሩን በቀይ ካሰመሩበት በኋላ ከጎኑ አንድ ጥያቄ ብቻ ጻፉ፦ «በማን ፊት ሊያቀርቡት?» ተናጋሪው ያን ጊዜ በአደባባይ እየተናገሩ ነበር፤ የሚለማመዱበት ምክንያትም ቦታም አልነበራቸውም። ትክክለኛው አማርኛ «ቀድሞ ተደጋግመው የተነገሩትን መከራከሪያዎች ዳግመኛ ዘረዘሩ» ነበር። እስከ ዛሬ ይህን ግስ ባየሁ ቁጥር የባልደረባዬን ጥያቄ እጠይቃለሁ፤ ወደፊት የሚጠበቅ ቀንና የሚጠበቅ ተመልካች ካለ ልምምድ ነው፤ ከሌለ ግን ድጋሚ ነው።

አማርኛም ለዚህ ሁለተኛ ትርጉም የሚስማማ ግስ አለው፤ «ደገመ» ነው። አባቶቻችን ዳዊት ይደግማሉ። ዳዊት የሚደግም ሰው ለአንድ ቀን ትርኢት አይዘጋጅም፤ የተጻፈውን ቃል በአፉ መልሶ ያሰማል፤ ይህም ከ«ሪኸርስ» ጥንታዊ ፍች ጋር እጅግ የተቀራረበ ነው። ፈረንሳዮች ደግሞ የቴአትር ልምምድን «ሬፔቲሲዮን» ማለትም «ድጋሚ» ይሉታል። ጀርመኖች «ፕሮበ»፣ ጣልያኖች «ፕሮቫ» ሲሉ ሙከራንና ፈተናን አስበው ነው። አንዱ ሕዝብ በልምምድ ውስጥ ድጋሚን፣ ሌላው ሙከራን፣ እኛ ደግሞ መላመድን አየን፤ ሥራው ያው ሆኖ ሳለ።

አሁን ወደ እህቴ ደብዳቤ እንመለስ። «ሪኸርስድ» የሚለው ቅጽል ስለ ንግግር ሲነገር ብዙውን ጊዜ ነቀፌታ ያዘለ ነው። ሰሚው ንግግሩ አሁን ከልብ የፈለቀ ሳይሆን ቀድሞ ተጠንቶ የመጣ፣ ቃል በቃል የተሸመደደ ሆኖ ተሰምቶታል ማለት ነው። አማርኛ ይህን የሚገልጽበት ቃል አላጣም፤ «የተሸመደደ መልስ» ስንል ያው ነቀፌታ ሙሉ በሙሉ ይገኝበታል። «ሪኸርስድ» ቀርቶ «ፕሪፔርድ» ተብሎ ቢጻፍላት ኖሮ ምስጋና በሆነ ነበር፤ ተዘጋጅታ መጥታለች ማለት ነውና። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ጠባብ ይመስላል፣ ግን ሰው የሚቀጠርበትና የማይቀጠርበት ልዩነት ነው። «ዌል ሪኸርስድ» የሚለው አገላለጽ ግን እንደ ቦታው ይለዋወጣል። ስለ ኦርኬስትራ ወይም ስለ ቴአትር ቡድን ሲነገር ሙገሳ ነው፤ ስለ ፖለቲከኛ መልስ ሲነገር ሙገሳ አይደለም። የኤምባሲ ቃለ መጠይቅ ያለባቸው ወገኖቻችን ይህን ቢያውቁ እወዳለሁ፤ ከደላላ ወይም ከወዳጅ በተቀበሉት ወረቀት ላይ ያለውን መልስ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ይዘው የሚቀርቡ ብዙዎች ናቸውና፣ እውነተኛ ታሪካቸው ሳይቀር የተሸመደደ መስሎ ይሰማባቸዋል።

በ«ሪኸርስ» እና በ«ፕራክቲስ» መካከል ያለው ድንበር ቀጥሎ የሚመጣ ነው። «ፕራክቲስ» የሚደረገው ችሎታ ነው፤ «ሪኸርስ» የሚደረገው የተወሰነ ሥራ ነው። ክራር የሚማር ልጅ ክራር «ፕራክቲስ» ያደርጋል፤ ክራር «ሪኸርስ» ያደርጋል ማለት ግን አይቻልም። ያው ልጅ በሚቀጥለው ቅዳሜ በትምህርት ቤቱ በዓል ላይ ባቲ ቅኝት የሆነ አንድ ዜማ እንዲጫወት ከተመደበ፣ ያን ዜማ «ሪኸርስ» ማድረግ ይችላል። ንግግር፣ ትዕይንት፣ ጭፈራ፣ የሠርግ አገባብ ሁሉ እንዲሁ ነው። «ሪኸርስ» ተሳቢ ሳይዝም ይቆማል፤ ባንዱ ማክሰኞ ማክሰኞ «ሪኸርስ» ያደርጋል ሊባል ይችላል፤ በጀርባው ግን ሁልጊዜ አንድ የሚጠበቅ ቀን አለ። ያ ቀን ሲቃረብ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ መብራቱም በርቶ፣ ሳያቋርጡ እስከ ፍጻሜው የሚሠሩት የመጨረሻው ልምምድ «ድሬስ ሪኸርሳል» ይባላል።

ስለ አነጋገሩም አንድ ነገር ልጨምር። የእንግሊዝኛ ፊደሎቹን (rehearse) የሚያይ ሰው በመካከላቸው መስማት የሚለውን «ሂር» ስለሚያገኝ «ሪሂርስ» ብሎ ያነበዋል። ትክክለኛው ድምፅ ለእኛ ቀላል ነው፤ «ኸ» የምትለው ፊደላችን ለዚህ ቦታ የተፈጠረች ይመስላል፤ የድምፁ ጫናም በሁለተኛው ክፍለ ቃል ላይ ይወድቃል።

«ፕራክቲስ» ራሱ ለአማርኛ ተናጋሪ ሁለት ወጥመድ አለው። የመጀመሪያው የሰዋስው ነው። እኛ «መናገር እለማመዳለሁ» እንላለን፤ «መናገር» አርእስት ነው፤ አርእስትን ደግሞ በእንግሊዝኛ «ቱ» ከሚለው ጋር አዛምደን ስለተማርን «ፕራክቲስ ቱ ስፒክ» ብለን እንጽፋለን። እንግሊዝኛው ግን ከዚህ ግስ በኋላ በ«ኢንግ» የሚያልቀውን ብቻ ይቀበላል፤ «ፕራክቲስ ስፒኪንግ» ነው የሚባለው። ይህን ስሕተት ለዓመታት በእንግሊዝኛ ሲሠሩ በኖሩ ሰዎች ጽሑፍ ላይ ሳይቀር አይቻለሁ፤ ከአማርኛችን አሠራር በቀጥታ የሚመጣ ስለሆነም ምክንያቱን ያወቀ ሰው ቶሎ ይተወዋል። በአጻጻፍ በኩል እንግሊዞች ስሙን በ«ሲ»፣ ግሱን በ«ኤስ» ይጽፋሉ፤ አሜሪካኖች ሁለቱንም በ«ሲ» ይጽፋሉ፤ በአነጋገር ግን ልዩነት የለም።

ሁለተኛው ወጥመድ የባሰ ነው። የቃሉ ምንጭ «ማድረግ» የሚል ትርጉም ያለው የግሪክ ግስ ሲሆን፣ ይህ ፍች ዛሬም ሕያው ነው። «ፕራክቲሲንግ» የሚባል ሐኪም ገና የሚለማመድ ሐኪም አይደለም፤ በሙያው ላይ ያለ፣ ሕመምተኛ የሚያይ ሐኪም ነው። «ፕራክቲሲንግ» ጠበቃም በጥብቅና ሥራ ላይ ያለ ማለት ነው። አንድ የሕይወት ታሪክ ሲተረጐም «ተለማማጅ ሐኪም» ተብሎ አንብቤያለሁ፤ ባለ ታሪኩ ደግሞ የብዙ ዓመት ስፔሻሊስት ነበሩ። በአንድ ቃል ምክንያት ሰውየውን ከሙያቸው ጫፍ አውርዶ ከጀማሪዎች ተርታ ማሰለፍ ማለት ነው፤ በእኛ አገር ተለማማጅ ሐኪም የሚባለው ትምህርቱን በማጠናቀቅ ላይ ያለ ወጣት ነውና። ስለ ሃይማኖት ሲነገርም እንዲሁ ነው፤ «ፕራክቲሲንግ» ክርስቲያን ማለት ጾሙን የሚጾም፣ ቤተ ክርስቲያን የሚስም፣ እምነቱን በኑሮው የሚፈጽም ሰው ነው።

የሯጮቻችን ልምምድ ደግሞ ከሁለቱም ይለያል። በእንጦጦ ወይም በሱሉልታ ጎህ ሳይቀድ የሚሮጥ አትሌት በእንግሊዝኛ «ፕራክቲስ» አያደርግም፣ «ሪኸርስ»ም አያደርግም፤ «ትሬይን» ያደርጋል። አካልን በዕቅድ፣ ለረጅም ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜም በአሠልጣኝ እጅ መገንባት ከተባለ ግሱ ይህ ነው። የስፖርት ጋዜጠኞቻችን «ብሔራዊ ቡድኑ ልምምዱን ሠራ» የሚሉትም ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ በአብዛኛው «ትሬይን» ነው፤ አሜሪካኖች ግን ስለ ቡድን ስፖርት ሲናገሩ «ፕራክቲስ» ማለትን ይወዳሉ። ለጤናው ብሎ በየጠዋቱ መስቀል አደባባይ ደረጃውን የሚወጣና የሚወርድ ሰው «ስፖርት እሠራለሁ» ይላል፤ ይህ በእንግሊዝኛ «ኤክሰርሳይዝ» ወይም «ወርክ አውት» ነው። «ድሪል» የሚባለው ደግሞ በትእዛዝ እየተደጋገመ እጅና እግር ሳያስቡ እስኪሠሩት ድረስ የሚደረግ ነው፤ ለወታደር ሰልፍ፣ ለእሳት አደጋ ጊዜ አወጣጥ፣ ለማባዣ ሰንጠረዥ ይሆናል። ቀድሞ የሚያውቁትን የዛገ ነገር እንደገና መከለስ «ብራሽ አፕ» ነው። ተማሪዎቻችን ከብሔራዊ ፈተና በፊት የሚቀመጡበትን «ሞዴል» እንግሊዞች «ሞክ» ይሉታል፤ ለቃለ መጠይቅም ይኸው ቃል ያገለግላል።

በአማርኛ ለ«ሪኸርስ» ከሁሉ የሚቀርበውን ቃል ያገኘሁት ግን በመዝገበ ቃላት ውስጥ አይደለም። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ለጥምቀት ሲዘጋጁ «ዛሬ ማታ የመዝሙር ጥናት አለን»፣ «ወረብ ጥናት አለብኝ» ይላሉ። ልምምድ አይሉትም። የታወቀ በዓል አለ፣ የሚሰማ ምእመን አለ፣ የተወሰነ መዝሙር አለ፤ ያ መዝሙር በከበሮውና በሽብሸባው፣ እጁ ከእግሩ፣ አንዱ ረድፍ ከሌላው ጋር እስኪገጥም ድረስ ይደጋገማል። ይህ በሙሉ ትርጉሙ «ሪኸርሳል» ነው። ተዋናይም ቃለ ተውኔቱን «ያጠናል»። «አጠና» የሚለው ግስ «ጠና» ከሚለው የወጣ ነው፤ ጸና፣ ጠነከረ ማለት ነው፤ ሲያጠኑት ነገሩ ይጠነክራል። እዚህ ላይ ዓይናችን ከሰውየው ላይ ተነሥቶ በነገሩ ላይ ያርፋል፤ ገበሬውና ማሳው፣ ልጁና መዝሙሩ አንድ ዓይነት ሥራ ላይ ይገናኛሉ። ስለዚህ ስለ መድረክ ሥራ ስተረጉም «ሪኸርስ» የሚለውን «አጠና» ማለት ከጀመርሁ ቆይቻለሁ፤ ለሙዚቃ ባንድ «ልምምድ» በሰው አፍ ስለ ገባ እተወዋለሁ።

የሥነ ልቦና ሰዎችም ቃሉን ይዘውታል። ሪቻርድ አትኪንሰንና ሪቻርድ ሺፍሪን በ1968 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት የማስታወስ ሞዴል፣ አንድ ነገር ከአጭር ጊዜ ማኅደር ወደ ረጅም ጊዜ ማኅደር እንዲሻገር በአእምሮ ውስጥ መደጋገሙን «ሪኸርሳል» ብለውታል። ስልክ ቁጥር ነግረውን መጻፊያ ስናጣ በከንፈራችን የምናደርገው ነገር ነው። አማርኛው እዚህም «ድግግሞሽ» ቢባል ይሻላል፤ «ልምምድ» ካልነው አንባቢው ምን እንደሚለማመድ ሲፈልግ ይቀራል።

ለእህቴ ይህን ሁሉ አልነገርኋትም። ሁለተኛ ቃለ መጠይቅ ሲመጣላት ግን መልሶቿን ጽፋ የያዘችበትን ደብተር እንድትዘጋው ጠየቅኋትና አምስት ቃላት ብቻ በቁራጭ ወረቀት ላይ እንድትጽፍ አደረግሁ። ከዚያ እኔ ጥያቄውን በየጊዜው እየለዋወጥሁ ስጠይቃት እርስዋ በእንግሊዝኛ ትመልስ ጀመር። በቀድሞ ሥራዋ የንብረት ቆጠራ ሲዛባ እንዴት አድርጋ ጉድለቱን እንዳገኘችው የሚናገረውን ታሪክ በመጀመሪያው ዙር እንደ ደብተሩ ቃል በቃል አወረደችው፤ በሁለተኛውም ያው ነበር፤ በሦስተኛው መካከል ላይ ጠፋባትና ዝም አለች። በአራተኛው ጊዜ ከመጨረሻው ተነሥታ ወደ ኋላ መተረክ ጀመረች፤ ትንሽ ከሄደች በኋላም እንግሊዝኛውን ትታ ቀና ብላ አየችኝና «ቆይ ጋሼ፣ የመጋዘኑን ቁልፍ ነገር እኮ እስካሁን አልነገርኩህም» አለች።